ላይ ሰፈር በየት በኩል ነው

ሁሉም ነገር የተጀመረው ባለፈው ጥቅምት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ለእማማ የዓይን ጠብታ የማደርግላቸው ሁልጊዜ በአራት ሰዓት ስለነበረ ነው። ግራ ዓይናቸውን ጨርሼ ወደ ቀኙ ስዞር የውጭው በር ተከፈተና ልጃቸው ገባች። ሐሙስ የሥራ ቀኗ ነው፤ መጥታ አታውቅም። የእናቷን ራስ ሳመችና ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ምግብ ጠረጴዛው አለፈች። ከቦርሳዋ አንድ ካርቶንና አንድ ወረቀት አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንደኛው እኔ በእጄ የሠራሁት የእናቷ መንደር ካርታ ነው። ሌላው ከኮምፒውተር የታተመ፣ ያው መንደር ከሰማይ ሲታይ የተነሣ ፎቶ ነው።

“እስቲ ነዪና እዪው” አለችኝ። አልተቆጣችም። ድምፅዋ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

እማማ ብዬ የምጠራቸው በልቤ ነው። እሳቸው በስማቸው እንድጠራቸው ነግረውኛል፤ በእንግሊዝኛ ስናወራ እጠራቸዋለሁም። ግን የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴት በባዶ ስማቸው በጠራሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። አንድ ቀን ይህንን ስነግራቸው ሳቁና፣ በእሳቸው መንደርም ልጆች አያቶቻቸውን እንደ አንድ ሰው ሳይሆን እንደ ብዙ ሰው ይጠሩ እንደነበር ነገሩኝ። “አንቱ” ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በልቤ አንቱ ስላቸው የሰሙኝ ያህል ደስ ይለኛል።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ርቆ ባለ ቀይ የጡብ ቤት፣ በሳምንት አምስት ቀን እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስመጣ ግን ጂኦግራፊ ማንም አልጠየቀኝም።

“ቤተ ክርስቲያኑ አንቺ ካርታ ላይ በደቡብ ጫፍ ነው” አለች ልጃቸው፣ ጣቷን ፎቶው ላይ አድርጋ። “እዚህ ግን በሰሜን ጫፍ ነው። የድሮው ባቡር ሐዲድ አንቺ ጋ በምሥራቅ ነው፤ እዚህ በምዕራብ። ወፍጮ ቤቱም እንደዚያው። ግማሹ እንኳ ልክ ቢሆን ባልከፋኝ። አንድም ነገር ቦታው ላይ የለም።”

ጎንበስ ብዬ ሁለቱን አስተያየሁ።

“ትናንት ማታ ደውዬ ‘ፀሐይ ከየት ነበር የምትወጣው?’ አልኳት። ‘ከወፍጮው በላይ’ አለችኝ። ሳታመነታ። ወፍጮው ካርታሽ ላይ በየት በኩል ነው?”

“በምዕራብ” አልኩ።

“በምዕራብ” አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እሷ በምትኖርበት ከተማ፣ ሎረል፣ ሄዳ እንደምትፈርም ነገረችኝ። በቤቷ አጠገብ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ማረፊያ አለ። ክፍል ተገኝቷል። ነገ ጠዋት መጥታ እናቷን ክፍሉን ልታሳያቸው ትወስዳቸዋለች፤ ከወር በኋላ ይገባሉ። “ብዙ ጊዜ ሳመነታ ነበር” አለች። “ይሄ ካርታ ባይኖር አሁንም አመነታ ነበር። እንዲያውም አመሰግንሻለሁ።”

ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያመኛል።

ካርታውን መሥራት የጀመርነው ሰኔ ላይ ነው። የእማማ ዓይን ከመሃል እየጠፋ ነበር፤ ከዳር ከዳር እንጂ መሃሉን አያዩም። ፎቶ ማየት አቆሙ። አንድ ቀን አልበማቸውን ዘግተው “መንደሬን በጣቴ ማየት ብችል” አሉ። እኔ ይህንን የሰማሁት እንደ ምኞት ሳይሆን እንደ የቤት ሥራ ነው። በማግሥቱ ወፍራም ካርቶንና ሙጫ ይዤ መጣሁ። ከአክስቴ ጓዳ ድፍን ምስር ወሰድኩ። ጅረቱን በሱፍ ክር፣ ቤቶቹን በምስር፣ ቤተ ክርስቲያኑን በሽምብራ፣ ወፍጮውን በባቄላ፣ ሐዲዱን በክብሪት እንጨት እያደረግን፣ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እለጥፍ ነበር። ሆን ብዬ ስልኬን ከፍቼ መንደሩን አልፈለግሁትም። ካየሁት እጄ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አይሠራም ብዬ ነው።

መንደሩ ጀርመን መሃል አካባቢ፣ ደን በለበሱ ዝቅተኛ ኮረብታዎች መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። አንድ ጅረት፣ አንድ መንገድ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተጠጋግተው የቆሙ ቤቶች። ሁለት ሰፈር አለው። በእነሱ ቋንቋ አንዱ ኦበርዶርፍ፣ ሌላው ኡንተርዶርፍ ይባላል። እማማ በእንግሊዝኛ ተረጎሙልኝ፤ እኔ በአማርኛ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አልኳቸው። ታች ሰፈር ሜዳ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰፋፊ ግቢዎችና ጥሩ አፈር ያሉት እዚያ ነው። ላይ ሰፈር ዳገት ነው፤ እንጨት ቆራጮችና ሸማኔዎች የሚኖሩበት። የእማማ ቤት ከላይ ሰፈርም የመጨረሻው ነበር።

“ግን ውኃው መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው” አሉኝ፣ ይህን ሲሉ ቀና ብለው። “ታች ሰፈሮች ባልዲያቸውን ይዘው ሲመጡ ስናይ እኛ ልጆቹ ጅረቱ ውስጥ ገብተን እንንቦጫረቅ ነበር።”

“ሆን ብላችሁ?”

“ታዲያ በስህተት ይንቦጫረቃል?”

ስለ ቤቶቹ ስጠይቃቸው መጀመሪያ እንጨት ይቆማል፣ መሃል መሃሉ በቀጭን እንጨት ይጠላለፋል፣ ከዚያ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይመረግበታል አሉኝ። ሙጫውን አስቀመጥኩና “ይሄማ የእኛ ቤት ነው” አልኳቸው።

“እበት ትጨምሩበታላችሁ?”

“እንጨምራለን። የላም።”

“እንግዲያው እንግባባለን” አሉ።

እበት ነገር እዚያም ቁም ነገር ነበር። እያንዳንዱ ቤት የከብቶቹን ፍግ የሚከምረው በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ነው። ክምሩ ትልቅ ከሆነ ከብቱ ብዙ ነው ማለት ነው። ልጃገረድ ያለቻት እናት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንገቷን የምታዞረው ወደ ጎረምሶቹ ሳይሆን ወደ ክምሩ ነው አሉ። የእነ እማማ ክምር ትንሽ ስለነበረች አባታቸው በየቅዳሜው ዙሪያዋን በአካፋ አስተካክለው ትልቅ ያስመስሏት ነበር።

የሚያርሱት በላም ነው። በሬና ፈረስ የታች ሰፈር ሀብት ነው። አባት ሲሞት መሬቱ ለወንዱም ለሴቱም እኩል ይከፈላል፤ ልጅየው ሲሞት እንደገና ይከፈላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ማሳው እንደ መቀነት ጠቦ፣ አንዱ ላሞቹን ሲያዞር የሚቆመው በጎረቤቱ አጃ ውስጥ ነው። ስለ መሬት መሸንሸን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ተፈትኜበታለሁ፤ መልሱን ከእማማ የሰማሁት ግን የዚያኔ ነው። በኋላ መንግሥት የላካቸው ሰዎች ሜትርና ችካል ይዘው መጥተው ብጥስጣሹን ማሳ አንድ ላይ ገጠሙት። የእማማ ሁለት አጎቶች ማን ጥሩውን ድርሻ አገኘ በሚል ተጣልተው፣ በአንድ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው እያስቀደሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይነጋገሩ ኖሩ።

ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የሆነው ነው። እማማ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ባቡር ከምሥራቅ በኩል ቤታቸውን ያጡ ሴቶችና ሕፃናት አምጥቶ አራገፈ። እያንዳንዱ ቤት አንድ ክፍል እንዲለቅ ታዘዘ። ለእማማ ቤት አንዲት አያትና ሁለት የልጅ ልጆቿ ተመደቡ። የሚናገሩት ያው ጀርመንኛ ነው፤ ግን ድንችን እንኳ የሚጠሩት በሌላ ስም ነው። የመንደሩ ልጆች ሳቁባቸው። “እኔም ስቄያለሁ” አሉኝ እማማ። “አያትየዋ በሦስተኛው ክረምት ሞተችና በእኛ መቃብር ተቀበረች። ከዚያ በኋላ ‘እንግዶች’ ብሎ የጠራቸው ሰው የለም። ከልጆቹ አንዷ ወንድሜን አገባች።”

እያንዳንዱ ምስር ስም ነበረው። ስሙ የሰዎቹ ሳይሆን የቤቱ ነው። አንጥረኛ ከጠፋ መቶ ዓመት ያለፈው ቤት አሁንም “የአንጥረኛው” ይባላል፤ አዲስ የገባው ሰው የባንክ ሠራተኛ ቢሆንም “የአንጥረኛው ቤት ሰውዬ” ነው። እማማ ጣታቸውን ከምስር ምስር እያሻገሩ በስም የሚጠሯቸው አንድም ቀን ሳያዛንፉ ነው።

መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ከደረቀ በኋላ፣ ካርታዬን እንደተማርኩት ጨረስኩ። ከላይ በቀኝ ጥግ የሰሜን ቀስት በጥቁር እስክሪብቶ ሣልኩ። አስተማሪያችን ቀስት የሌለው ካርታ ሥዕል ነው እያሉ ነጥብ ይቀንሱብን ነበር፤ እኔ ደግሞ ነጥብ የሚያስቀንስ ነገር አልወድም። ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው እሑድ ልጃቸው አየችውና ዓይኗ እንባ ሞላ። ፍሬም ላስገባው ብላ ወሰደችው። ከፎቶው ጋር ያስተያየችው ያን ጊዜ ነው።

ሐሙስ፣ ልጃቸው ከሄደች በኋላ፣ ወደ እማማ ተመለስኩና ቀኝ ዓይናቸውን ጠብታ አደረግሁላቸው። ወንበራቸው ከምግብ ጠረጴዛው ሩቅ አይደለም። ጆሯቸውም ደህና ነው።

“ፀሐይ ከየት ነው ብዬሽ ነበር?” አሉኝ።

“ከወፍጮው በላይ።”

“እኔም እንደዚያ ነው የማውቀው።” ጉንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። “ግን ምናልባት ልጄ ልክ ናት። አእምሮው የሚሄድበት ሰው ሲሄድ አያውቀውም ይባላል።”

የጠብታውን ብልቃጥ ከደንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ካርታውንና ፎቶውን ጎን ለጎን ሳይ እኔም ልጃቸውን አምኛት ነበር። ሁለቱም ሰሜናቸው ወደ ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ምሳ ሾርባ አቀረብኩላቸው፤ ማንኪያውን ይዘው ተቀመጡ እንጂ አልበሉም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ “ሎረል ኮረብታ አለው?” አሉኝ።

“ብዙም የለውም” አልኩ።

“እንደዚያ መስሎኝ ነበር” አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ያን ቀን የቢጫው መስመር ባቡር ክሪስታል ሲቲን አልፎ ድልድዩ ላይ ሲወጣ እንደ ወትሮው ወንዙን አላየሁም። ስልኬ ላይ ካርታውን ያነሣሁበትን ፎቶ ከፍቼ፣ ወደ ቤቴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እስክደርስ ምስሮቹን ስቆጥር ነበር። የትኛውን ተሳስተው ነገሩኝ? የትኛው ቀን ላይ ነው አእምሯቸው መንሸራተት የጀመረው?

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ የአየር ማረፊያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሐሙስ ዕረፍቷ ነው። ማካሮኒ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሁለት ጊዜ ሹካዬን አንሥቼ ሁለቴም መልሼ ሳስቀምጥ አየችኝ።

“ምን አድርጎሽ ነው ማካሮኒው ላይ እንዲህ የምታፈጥጪበት?” አለች።

ነገርኳት። አክስቴ የማያገባትን ነገር እንኳ በሙሉ ጆሮዋ ነው የምትሰማው። ስጨርስ ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን አየች።

“ምስሬ የት እንደሄደ አሁን ገባኝ” አለች። “ይሄ ላይ ሰፈር ምንድን ነው?”

“ዳገት ላይ ያለው ሰፈር ነው። ይኸው፣ ከላይ።”

“እኛም እኮ ላይ ቤትና ታች ቤት ነበርን።” አክስቴ ወሎ፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው ያደገችው። “እኛ ታች ቤቶች ነን። ላይ ቤቶች ጀርባቸውን ታጥበው የሰደዱትን ውኃ ነበር የምንጠጣው፣ ወላሂ።”

እንዲያው ለመጠየቅ ያህል “ላይ ቤት በስተሰሜን ነበር?” አልኳት።

“ሰሜን የቱ እንደሆነ እኔ በምን አውቄ? አስተማሪ መሰልኩሽ? እኔ የማውቀው ቂብላን ነው። ለመስገድ ስንቆም ላይ ቤት በጀርባችን፣ ታች ቤት በፊታችን ነበር። ውኃው ወደ ቂብላ ነው የሚወርደው።”

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ከወሎ መካ ያለው ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው። ይህንን ለማወቅ ካርታ እንኳ አያስፈልገኝም። የአክስቴ ላይ ቤት በደቡብ ነው።

“ላይ ቤት በጀርባችሁ?”

“ታዲያስ። ላይ ማለት ውኃው የሚመጣበት ነው እንጂ። ወረቀት ነው እንዴ የሚፈሰው?”

ብዙ ዓመት የተማርኩት ነገር በአንድ ጊዜ ወደ ጭንቅላቴ ተመለሰ። ማንኛውም የእኛ አገር ተማሪ ላይኛው ግብፅ ካርታ ላይ ከታች፣ ታችኛው ግብፅ ከላይ እንደሆነ ተምሯል፤ ዓባይ ወደ ሰሜን ስለሚወርድ። ፈተና ላይም ይመጣል፤ ልክ ነው የመለስኩት። እማማ ላይ ሰፈር ሲሉኝ ግን እጄ ምንም ሳይጠይቀኝ ምስሮቹን ካርቶኑ አናት ላይ ለጠፈ። ከዚያ ያንን በጥንቃቄ የሣልኩትን ቀስት ጨመርኩበት። እማማ አንድ ጊዜም ሰሜን የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም ነበር። ሰሜኑ የእኔ ነው።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። እማማ ካርታውን ሲዳስሱ ሁልጊዜ አዙረው ነበር የሚይዙት። ላይ ሰፈርን ወደ ደረታቸው ያስጠጉና፣ ከቤታቸው ደጃፍ ተነሥተው ቁልቁል ወደ ታች ሰፈር እንደሚሄዱ ጣታቸውን ወደ ፊት ይልኩት ነበር። እኔ ደግሞ ተገልብጦባቸው መስሎኝ፣ እንዳላሳፍራቸው ቀስ ብዬ አቃናላቸው ነበር። ምንም አይሉኝም። በትዕግሥት መልሰው ያዞሩታል።

ስልኩን ገለበጥኩ። ፎቶው አብሮ ተገልብጦ ቀጥ አለ። እንደገና ገለበጥኩት፤ እንደገና ቀና።

“ስልክሽ እንዳንቺ ነው” አለች አክስቴ። “እሺ አይልም።”

በመጨረሻ እንዳይዞር ቆለፍኩትና በአክስቴ ስልክ ላይ የመንደሩን የሰማይ ፎቶ ፈለግሁ። ጅረቱ ከደቡብ ኮረብታ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይወርዳል። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አደረግሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቦታው ላይ ነው። ሐዲዱ በምዕራብ፣ ወፍጮው በምሥራቅ። የአንጥረኛው ቤት ከመታጠፊያው ቀጥሎ፣ እሳቸው እንዳሉት። ፀሐይ የምትወጣውም ከወፍጮው በላይ ነው።

“ኮል አድርጊላት” አለች አክስቴ።

ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ የመልእክት መቀበያው ሲመጣ ዘጋሁት።

“ምነው? ቮይስ ሜይል ተዪላት እንጂ።”

“ምን ብዬ?”

“ካርታውን ገልብጬዋለሁ፣ ይቅርታ፣ በይ።”

“አክስቴ፣ እሳቸው ሎረል ከገቡ እኮ ሥራዬ ያበቃል። ሥራዬን ላለማጣት ያመጣሁት ነገር ይመስላታል።”

“ይምሰላት።” ሳህኔን አነሣች። “አንቺ ለሴትዮዋ ፀሐያቸውን መልሺላቸው። የቀረውን ልጅቷ ታስብበት።”

አጭር መልእክት ጽፌ አጠፋሁ። ሌላ ጽፌ እሱንም አጠፋሁ። ሁሌም እንዲህ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላወጣ ነው የተማርኩት። ይህን ነገር ግን በጽሑፍ መናገር የለብኝም ብዬ ወሰንኩ። ካርታው ፊቷ መዞር አለበት።

በማግሥቱ ጠዋት ከወትሮው ቀደም ብዬ ወጣሁና አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አሌክሳንድሪያ ደረስኩ። እማማ ለብሰው ተቀምጠው አገኘኋቸው። የክት ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። ማን እንዳለበሳቸው አልገባኝም። አንድ ቁልፍ አለቦታው ገብቷል። አላስተካከልኩትም።

ልጃቸው ሁለት ሰዓት ላይ መጣች። በሩ ላይ ጠብቄ፣ ወደ ውስጥ ሳታልፍ፣ “አንድ ጊዜ ጠረጴዛው ጋ እንምጣ?” አልኳት።

“እንቸኩላለን እኮ።”

“ስህተቱ የእኔ ነው” አልኳት። “የእናትሽ አይደለም። የእኔ ነው።”

ካርታውና ፎቶው ትናንት እንደተወቻቸው ነበሩ። ካርታውን ይዤ አዞርኩት። ቀስቱ ወደ ታች ሆነ። በእጄ መዳፍ ሸፈንኩትና “ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ” አልኳት። ላይ ማለት ውኃው የሚመጣበት እንደሆነ፣ ውኃው ወደ ሰሜን እንደሚወርድ ነገርኳት። የአክስቴን ቂብላ ግን ዘለልኩት፤ ለማስረዳት ረጅም ነው።

ጣቷን ሽምብራው ላይ አደረገች፣ ከዚያ ፎቶው ላይ። ባቄላው ላይ፣ ከዚያ ፎቶው ላይ። ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ጂኦግራፊ ነው የተማርኩት አላልሽኝም ነበር?”

“ነው።”

“በማዕረግ?”

“በማዕረግ።”

ፈገግታ ይሁን ሌላ ነገር በአፏ ጥግ አለፈ። ከዚያ ካርታውን ረጅም ጊዜ አየችው። “ይሄ ምድጃውን አያጠፋም” አለች።

“አያጠፋም። አልዋሽሽም፣ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ በርቶ አግኝቼዋለሁ። የጠዋቱን መድኃኒትም እኔ ካላስታወስኳቸው ይረሱታል።” ይህን ስናገር ሥራዬን በገዛ አፌ እያፈረስኩ እንደሆነ አውቄያለሁ። “መንደራቸውን ግን አልረሱም። አንድ ቤት አልረሱም። ትናንት ምሳ ያልበሉት ረስቻለሁ ብለው ስላመኑሽ ነው።”

ልጃቸው ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ስልኳን አወጣችና ወደ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው። የሰማሁት ጥቂቱን ነው። ዛሬ እንደማትመጣ፣ ክፍሉን ለሌላ ሰው መስጠት እንደሚችሉ፣ በጸደይ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ እንደገና እንደምትደውል። ስትመለስ “እስከ ጸደይ” አለችኝ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። “ምድጃውን ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት እንቀይረዋለን። መድኃኒቱን አብረን እናየዋለን። ከዚያ በኋላ ደግሞ እናያለን።”

“ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?” አሉ እማማ ከወንበራቸው። “የምንሄድ ከሆነ እንሂድ። ሞቆኛል።”

ልጃቸው አየችኝ። እኔ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ። ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

“መንደርዎን ገልብጬ ነው የሠራሁት” አልኳቸው። “ላይ ሰፈርን ወደ ሰሜን አድርጌው። እርስዎ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። ፀሐይዋም።”

ጣቶቻቸው የቦርሳቸውን እጀታ ሲለቁት አየሁ።

“ታዲያ ውኃውን መጀመሪያ ለታች ሰፈር ሰጠሻቸው ማለት ነው?”

“አዎ።”

“እኛ ደግሞ የእነሱን እጣቢ ጠጣን።”

“አዎ። ይቅርታ።”

“ታች ሰፈሮች በሕይወት ኖረው ቢሰሙ” አሉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሲስቁ ነው። ልጃቸውም ከኋላዬ ሳቀች፤ አፍንጫው እንደ ተደፈነ ሰው ዓይነት ሳቅ። “በይ ይህን ካፖርት አውልቂልኝ” አሉ እማማ። “ሾርባ ተርፏል?”

ካፖርታቸውን አወለቅሁላቸው። ልጃቸው ሾርባውን ልታሞቅ ሄደች፤ ምድጃው ሲጫር ሰማሁ። እኔ ካርታውን አምጥቼ ጭናቸው ላይ፣ እሳቸው በሚይዙት አኳኋን፣ ላይ ሰፈርን ወደ ደረታቸው አድርጌ አስቀመጥኩት። በእስክሪብቶ የሣልኩትን ቀስት በነጭ ወረቀት ቁራጭ ሸፈንኩት። ከዚያ ከመሳቢያው አንድ የክብሪት እንጨት አውጥቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ ታች ሰፈር ጫፍ ላይ በሙጫ ለጠፍኩ። ሲደርቅ ጣታቸውን ይዤ ወሰድኩላቸው።

“ይሄ ምንድን ነው?” አሉኝ።

“ሰሜን ነው።”

“እኛ እኮ ሰሜን ብለነው አናውቅም። ታች ነበር የምንለው።”

እስክሪብቶዬን አነሣሁና ከእንጨቷ አጠገብ፣ በአማርኛ፣ “ታች” ብዬ ጻፍኩ።